ከቅኔ ቤት እስከ ኮተቤ፤ የመንግሥቱ ለማ የግጥም ጅማሮ

ዛሬ ከመገናኛ ተነሥቶ በላምበረት በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ ኮተቤን ከአዲስ አበባ የሚለይ ክፍት ቦታ አያገኝም። ሕንፃው ከሕንፃ ተያይዟል፤ በስተ ደቡብ ያለው የቦሌ ሜዳም ቤት በቤት ሆኗል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ በተከፈተ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ኮተቤ ከከተማው ወጣ ያለ የገጠር ቦታ ነበረች። ቦሌም እርሻና የከብት መሰማሪያ ነበረ፤ በዚያ ዘመን አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ሲሆን፣ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አገልግሎት የጀመረው ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ እየተመረጡ የመጡ ወጣቶች ከከተማው ግርግር ርቀው፣ እዚያው እየበሉና እያደሩ፣ ትምህርታቸውን በእንግሊዝኛ ይከታተሉ ነበር።

ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ መንግሥቱ ለማ ነው። ወደ ኮተቤ ሲመጣ ከብዙዎቹ ጓደኞቹ የሚለየው አንድ ነገር ነበረው። እንግሊዝኛን በቅጡ ከማወቁ በፊት ቅኔ መቁጠር ያውቅ ነበር። ስለ ተውኔት ጸሐፊው መንግሥቱ ለማ ብዙ ተብሏል፤ ቀልዱ ይነገራል፣ ተውኔቶቹ በየጊዜው መድረክ ላይ ይታያሉ፣ በየትምህርት ቤቱም ይጠናሉ። ገጣሚው በአሥራዎቹ ዕድሜ የተሠራበት መንገድ ግን የሚገባውን ያህል አይነሣም። ይህም የሚያስቆጭ ነው፤ ምክንያቱም ኋላ የጻፈው ሁሉ ሥሩ ያለው እዚያ ነውና።

መንግሥቱ የተወለደው በ1910ዎቹ አጋማሽ ሲሆን ልጅነቱን ያሳለፈው በሐረር ነው። እናቱ ወይዘሮ አበበች ይልማ፣ አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ ይባላሉ። አለቃ ለማ በዘመናቸው ከታወቁት የቅኔ ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። የቤተ ክህነት ሰው እንደመሆናቸው መጠን ትምህርታቸውን የጨረሱት በጉዞ፣ ከመምህር ወደ መምህር በመዘዋወር ነው፤ ያዩትንና የሰሙትን የሊቃውንትና የነገሥታት ታሪክም በጨዋታ እያዋዙ ማውራት የተካኑ ሰው ነበሩ። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ግጥምን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። እንግዳ በመጣ ቁጥር የእገሌ ቅኔ እንዴት እንደ ነበረ፣ የእገሌስ ምሥጢር የት ላይ እንደ ተበላሸ ሲወራ ይሰማል። የቃል ሁለት ፍቺ መያዝ ለሱ የምራት ጊዜ ወግ ነው።

ይሁን እንጂ ከሊቅ መወለድ ቅኔ አያስቆጥርም። በሐረርም ቢሆን በጎጃም፣ የቅኔ ትምህርት ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ልጁም በዚያ ሥርዓት ማለፍ ነበረበት። ለዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገሩ ይኸው ስለሆነ፣ የቤተ ክህነትን ትምህርት ለማያውቀው አንባቢ ሥርዓቱን ጠለቅ ብሎ ማየት ይበጃል።

ተማሪው መጀመሪያ የግእዙን ግስ ያጠናል፤ ግሱ እንዴት እንደሚረባ፣ ቃል ከቃል በምን አገባብ እንደሚያያዝ ይማራል። ከዚያ በኋላ ከሁሉ አጭር የሆነውን ጉባኤ ቃና እንዲቆጥር ይታዘዛል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ሁለት ቤት ማለት ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ለአሥራ ሦስት ወይም ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ቀን ሙሉ የሚያውል ሥራ ነው። ልጁ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ያሰላስላል። ቤቱ መምታት አለበት፤ ዜማው መግጠም አለበት፤ ግሱ መሳት የለበትም። ከሁሉም በላይ ሰምና ወርቅ ያስፈልገዋል። ምሳሌው የተወሰደው ከአንጥረኛ ነው። አንጥረኛ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈሳል። በቅኔም ውስጥ ፊት ለፊት የሚታየው ታሪክ ሰሙ ነው፤ ባለቅኔው ሊናገር የፈለገው ወርቁ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር በአንድ ቃል ላይ ካልተገናኘ ቅኔ አይባልም።

ጉባኤ ቃናን ያወቀ ተማሪ ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚ በዝኁ ይሻገራል። ከዚያም ዋዜማው፣ ሥላሴው፣ ዘይእዜው እያለ እስከ መወድስ ይደርሳል፤ መወድስ ስምንት ቤት አለው። ስለሆነም የቅኔ ቤት ልጅ የረዥም ግጥም ባለቤት ለመሆን የሚበቃው አጭሩን ደጋግሞ ከሠራና ደጋግሞ ከወደቀ በኋላ ነው።

መውደቁም በጉባኤ ፊት ነው። ተማሪው ቀን የቆጠረውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቆማል፤ ጓደኞቹ እየሰሙት ይናገራል። መምህሩ ያዳምጣሉ። ግሱ ከተሳሳተ እዚያው ይነገረዋል፤ አገባቡ ካልሄደ ይታረማል፤ ምሥጢሩ ካልበሰለ ተመልሶ እንዲያስብበት ይታዘዛል። ጥሩ ከሆነ ደግሞ መምህሩ ይቀበሉታል፤ ይህች ቅጽበት ለልጁ የሹመት ያህል ናት። ከዚያ መምህሩ ራሳቸው ሌላ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪዎቹም ፍቺውን ለማግኘት እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ። በነጋታው እንደገና ከሀ ይጀመራል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በነጋታው ትናንት የተቆጠረውን ይዞ መቅረብ ነውር መሆኑ ነው። ቅኔ የዕለት ሥራ ነው፤ የትናንቱ ትናንት ቀርቷል። የራስን ቅኔ መድገምም ሆነ የሌላውን ማቅረብ ያሳፍራል። በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ባለቅኔው በበዓሉ ቀን ተቀኝቶ ያወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ቅኔው በሰሚዎች ጆሮ ካልቀረ በስተቀር ይጠፋል። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ሦስትና አራት ዓመት የቆየ ወጣት በመቶ የሚቆጠር ግጥም ሠርቶ አንዱንም በወረቀት ሳያስቀር ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ዛሬ ግጥም የሚጀምር ወጣት የመጀመሪያዋን ሥራውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ የሚያሳትምለት ይፈልጋል። የቅኔ ቤት ልጅ ግን የመጀመሪያዋን ሥራውን አያስታውሳትም።

ቅኔ ቤት የፈጠራን ነፃነት ያንቃል፣ ልጁን በደንብ ያስረዋል የሚል ወቀሳ አለ። ወቀሳው ግማሹ እውነት ነው። ርዕሰ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመጻሕፍት፣ ከቅዱሳን ገድልና ከውዳሴ አይወጣም፤ ቋንቋውም ሕዝቡ የማይናገረው ግእዝ ነው። ስለ ራሱ ፍቅርና ስለ ራሱ ኀዘን ለመናገር የሚፈልግ ወጣት ብዙ ቦታ አያገኝበትም። የቀረው ግማሽ ግን ሐሰት ነው። በቃል ላይ መጨከንን፣ የማይረባውን መጣልን፣ በሰው ፊት ተተችቶ ነገ ተመልሶ መምጣትን እንደ ቅኔ ቤት የሚያስተምር ሌላ ተቋም በኢትዮጵያ አልነበረም። መንግሥቱ ለማ ከልጅነቱ ያገኘው ሀብት ይህ ነው።

ሐረር ስትነሣ ሳያስቡት የሚመጣ አንድ ሌላ ስም አለ። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ፣ መንግሥቱ ከመወለዱ ከአርባ ዓመት በፊት፣ በ1873 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይነግድ ነበር፤ ኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ አምጥቶ ሸጧል። ራምቦ ዓለም የሚያደንቅለትን ግጥም የጻፈው በግምት ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ዓመት ዕድሜው ሲሆን፣ ሐረር ሲደርስ ግጥምን ትቶ ነበር። ስለ ግጥሙ በከተማይቱ የሚያወራ ነጋዴ አልነበረም። በዓለም ላይ ስለ ወጣት ገጣሚ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጠቀሰው እሱ ነው፤ እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ የጠፋ። በዚያችው ከተማ ጥቂት ዘግየት ብሎ የተጀመረው የመንግሥቱ ጉዞ ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው። ራምቦ ብዕሩን በጣለበት ዕድሜ መንግሥቱ ገና አንድም መጽሐፍ አልነበረውም።

ሐረር በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በጣልያን አውሮፕላኖች ተደበደበች፤ በሚያዝያ መጨረሻ ደግሞ ተያዘች። መንግሥቱ በዚያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነበረ። ስለዚህ የወጣትነቱ ዓመታት፣ ማለትም ሰው ግጥም የሚጀምርበት ዕድሜ፣ ከአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ጋር ገጠመ። ወረራው ከዚያ በፊት ተጀምሮ የነበረውን ዘመናዊ ትምህርት አፈረሰው፤ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በ1929 ዓ.ም. የየካቲት 12 እልቂትና ከዚያ በኋላ በተከታተለው ግድያ አለቁ። ለተረፈው ትውልድ፣ በተለይም ለካህን ልጅ፣ የቀረው ትምህርት በአመዛኙ የቤተ ክህነቱ ነበር። ይህን ሲያስቡት፣ በጨለማው ዘመን የቃል ጥበብ ሳይቋረጥ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ደብተርና ማተሚያ በማያስፈልገው በዚያ አሮጌ ሥርዓት ነው ለማለት ይቻላል።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ተመለሰ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኮተቤ ተከፈተ። አገሪቱ የተማረ ሰው እጅግ አጥታ ስለ ነበር የኮተቤ ተማሪዎች ነገ የሚሾሙ ተብለው የሚታዩ ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ትምህርት ቤቱን በየጊዜው ይጐበኙ ነበር። መንግሥቱ ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ዓመት ዕድሜው ወደ ሃያ ይጠጋል። ከአባቱ ጉባኤ ወጥቶ ከእንግሊዛዊ መምህር ፊት መቀመጥ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው መሻገር ነው። በአንዱ ዓለም ወጣቱ የሊቅ ልጅ፣ ቅኔ ቆጣሪ ነው፤ በሌላው ግን ፊደልና ሰዋስው እንደ አዲስ የሚጀምር ጀማሪ ነው። በኮተቤ ግቢ የግእዝ ቅኔ ቢቀኝ ምሥጢሩን ፈልቅቆ የሚያደንቅለት ጉባኤ አይኖርም። በእንግሊዝኛ ቢገጥም የትምህርት ቤት ሥራ ከመሆን አያልፍም። በመካከል የቀረው አማርኛ ነው።

አማርኛስ በዚያ ጊዜ ለወጣት ገጣሚ ምን ያቀርብለት ነበር? በጋዜጣ የሚወጣው ግጥም አብዛኛው የንጉሠ ነገሥቱ ውዳሴና የአርበኞች ምስጋና ነበር። በመጽሐፍ ደግሞ የከበደ ሚካኤል «ብርሃነ ሕሊና» በየትምህርት ቤቱ ተሰራጭቶ ነበር፤ ግልጽና ጨዋ በሆነ አማርኛ ምክርና ታሪክ ያስተምራል። ከሁሉ ይልቅ ለቅኔ ቤት ልጅ የሚቀርበው ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዮፍታሔ ራሱ ከጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ፣ በቅኔ በስሎ የመጣ ሲሆን ያንን ዕውቀት ወደ አማርኛ መዝሙርና ወደ ተውኔት አሻግሮታል። በ1939 ዓ.ም. ሲሞት መንግሥቱ ገና ተማሪ ነበር። የዮፍታሔ አማርኛ ግን ከባድ፣ የተሸለመና የተጌጠ ነው፤ ዓላማውም አገርን ማንቃትና ማወደስ ነው። የሠፈር ሰው እንደሚያወራው ባለ አማርኛ፣ ስለ ተራ ሰው ሞኝነትና ስለ ተራ ሰው ብልጠት የሚገጥም ሰው ከሞላ ጎደል አልነበረም። ይህ ክፍት ቦታ ኋላ የመንግሥቱ ሆነ። የቅኔውን ሰምና ወርቅ ወስዶ ከበዓል ልብሱ አወጣው፤ ሳቅ አለበሰው።

ይህ ግን በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም፤ በኮተቤም አልተጠናቀቀም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ በለንደን በሪጀንት ስትሪት ፖሊቴክኒክ፣ ቀጥሎም በለንደን የምጣኔ ሀብት ትምህርት ቤት ተማረ። በዚያም ከሶሻሊስት አስተሳሰብና ከበርናርድ ሾው ተውኔቶች ጋር ተዋወቀ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዴልሂ በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገለገለ። «የአባቶች ጨዋታ» የታተመው በ1953 ዓ.ም. ነው። የተውኔቶቹን ዝርዝር እዚህ ማስገባት አስፈላጊ አይደለም፤ «ጠልፎ በኪሴ» በጠለፋ ጋብቻ፣ «ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ በዘርና በማዕረግ ልዩነት ላይ የተሣለቁ መሆናቸውን አንባቢ ያውቃል። በግጥሙ በኩል «የግጥም ጉባኤ» የሚለው ስም ብቻውን ብዙ ይናገራል። ጉባኤ ማለት ለቅኔ ቤት ልጅ የተማሪዎች ክብ፣ የመምህር ጆሮ፣ የመውደቂያና የመነሻ ቦታ ነው፤ ያንን ቃል ነው ለአማርኛ ግጥሞቹ መጠሪያ ያደረገው።

በሰፊው የታወቀው ግጥሙ የባሻ አሸብር ነው። ባሻው በአገሩ የተከበረ ኢትዮጵያዊ ሲሆን አሜሪካ ሄዶ በቆዳው ቀለም ይናቃል። ሰሙ የአንድ ኩሩ ባላገር አስቂኝ መደናገር ነው። ወርቁ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው የአሜሪካን የዘር መድልዎ ይወቅሳል፤ ሁለተኛው፣ ጠለቅ ብሎ ላየው፣ ራሱን ከሌላው ጥቁር ሕዝብ ለይቶ ያስቀምጥ የነበረውን ኢትዮጵያዊ ኩራት ይነካል። ሰሚው በባሻው ሲስቅ ቆይቶ በራሱ እንደ ሳቀ ዘግይቶ ይገባዋል። ይህን ዓይነት ሥራ ከለንደን ብቻ የተማረው ነው የሚል አስተያየት አለ፤ ትክክል አይመስልም። ሣቁ ከሾው ጋር ሊዛመድ ይችላል፤ የመደበቁ ጥበብ ግን የጉባኤ ቃና ነው።

ለዚህ ሁሉ የማያጠራጥር ምስክር የሆነው ሥራው አንድ ጥናት ነው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔቱን ማሳተም በጀመረበት ዓመት፣ መንግሥቱ ለማ ስለ አማርኛ ግጥም አሠራር ስልት በእንግሊዝኛ የጻፈው ሰፊ ጥናት በሁለተኛው እትም ወጣ። ከዚያ በፊት የአማርኛ ግጥም ቤት ይምታ እንጂ ውስጣዊ ልክ ያለው አይመስላቸውም የነበሩ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ልክ አለው። ስድስትና ስድስት ሆኖ መካከሉ ላይ የሚያርፈው የወል ቤት፣ አምስትና አምስት የሚሄደው ሰንጎ መገን፣ አራትና አራት የሚዘለው ቡሄ በሉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው እርምጃ አላቸው። የቆጠራው ችግር ሳድስ ፊደል ላይ ነው፤ በጽሑፍ አንድ ፊደል ሆኖ ይታያል፣ ሲነበብ ግን አንዳንዴ ድምፁ ይነሣል፣ አንዳንዴ ይዋጣል። ዓይን የሚቆጥረውና ጆሮ የሚቆጥረው አይስማማም። ይህን ለመለየት የቅኔ ቤት ጆሮ ያስፈልጋል። በቅኔ ቤት የግጥም ሥራ መቁጠር መባሉ በአጋጣሚ ይሁን አይሁን፣ በልጅነቱ ዛፍ ሥር ቅኔ የቆጠረው ወጣት በአርባ ዓመቱ ገደማ የአማርኛን ድምፅ ተቀምጦ ቈጠረ።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሸልሞታል። በኋለኛው ዘመኑ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበብ አስተምሯል፤ የመምህርነት ወንበር ለሱ እንግዳ አልነበረም። ሁልጊዜ የሚያስደንቀው ግን በመካከል ያደረገው አንድ ነገር ነው። ስሙ ገንኖ፣ ተውኔቱ በከተማው እየታየ ሳለ፣ ወደ አባቱ ተመልሶ የተማሪ ሥራ ሠራ። አለቃ ለማ በቃላቸው የነገሩትን የሕይወታቸውን ታሪክ፣ የመምህሮቻቸውን ወግ፣ የተማሪ ቤቱን ረኃብና ጨዋታ እየሰማ መዘገበ። መጽሐፉ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» ተብሎ ታተመ። ርእሱ ግእዝ ነው፤ ውስጡ ግን አለቃ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ሲያወሩ የሚሰማ የሚመስል አማርኛ ነው። አንድም ቃል ያላማረ መስሎት ያስጌጠ አይመስልም። ልጅ ሆኖ ሲሰማው ያደገውን ንግግር እንዳለ አስቀመጠው፤ ባይጽፈው ኖሮ እንደ ጉባኤ ቃናዎቹ ከሰሚዎቹ ጋር በጠፋ ነበር።

መንግሥቱ ለማ በሐምሌ 1980 ዓ.ም. ዐረፈ። «ደማሙ ብዕረኛ» የተባለው ግለ ታሪኩ የታተመው ከዚያ በኋላ ነው። የኮተቤው ግቢ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትነት ወደ መምህራን ማሠልጠኛነት፣ ቀጥሎም ወደ ዩኒቨርሲቲነት ተለውጧል፤ በግቢው ዛሬም መምህራን ይሠለጥናሉ።